የሳሌሃ ኩባያ

ቡታጅራ ላይ የሆት ዶግ ንግድ የሞተው በእኔ ምላስ ነው ብዬ አምኜ ነው ያደግኩት። ልጅ ብዙ ነገር ይሰብራል፤ መስታወት ይሰብራል፣ እጁን ይሰብራል። እኔ የሰው እንጀራ የሰበርኩ መስሎኝ ነበር።

ሙንታሲር እባላለሁ። ባጃጅ እነዳለሁ። ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ ተለያየን፤ አልተጣላንም፣ ተሰለቻቸን እንጂ። ተሳፋሪ ዝም ሲልብኝ ስለማልወድ ወሬ እፈጥርለታለሁ። ከዘቢዳር ተራራ የወረደ ጅብ ባጃጄን አስቁሞ፣ ሆስፒታል በር ላይ ሒሳብ ሳይከፍል እንደወረደብኝ ነግሬያቸው «ምን ያለው ባለጌ ነው!» ያሉኝ ሴትዮ አሉ። ይሄኛውን ታሪክ ግን ቀለም አልቀባውም።

ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ሙሀይሚን ከአዲስ አበባ መጣ። እዚያ በሰው ጋሪ ሆት ዶግ ይሸጥ ነበር፤ አሁን ቡታጅራ ላይ የራሱን ሊጀምር ነው። ያን ጊዜ እኛ ከተማ ዳቦ መሃል የሚገባው ድንች ወይ እንቁላል ነበር። ከዚያ ሌላ ዳቦ መሃል ገብቶ የሚያውቅ የጋጋሪው ጣት ነው፤ የተጋገረ መሆኑን ሲያረጋግጥ።

ብቻውን አልመጣም። ሳሌሃ የምትባል ልጅ ይዞ መጣ። ረዥም፣ ቀጠን ያለች፣ ልትስቅ ስትል አፏን በእጇ የምትሸፍን።

«እዚያው ጋሪ ላይ አብረን ነበር የምንሠራው» አለ አጎቴ፣ ማንም ሳይጠይቀው። እናቴ ሃሊማ አየት ስታደርገው የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ። ጫማው ክር አልነበረውም።

«እንኳን ደህና መጣሽ የኔ ልጅ፤ ግቢ፣ ግቢ» አለች እናቴ። ምንጣፉ ላይ አስቀመጠቻት። «የማን ልጅ ነሽ? አገርሽስ ወዴት ነው?»

ሳሌሃ የአባቷን ስም ተናገረች። አገሯ ከዘቢዳር ወዲያ እንደሆነም ነገረቻት። ከዚያ «አባቴ እንጨት ይሠራል» ብላ ጨመረች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አንገቷን ግን ቀና አድርጋ።

እናቴ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ተነሳችና ወንድሟን ወደ ጓዳ ጠራችው።

እኛ ቤት አማርኛ ለእንግዳና ለትምህርት ቤት ነው፤ ጉራጊኛ ለቤት። ትልልቆች ደግሞ ልጅ እንዳይሰማቸው የሚያወሩት ሌላ ጉራጊኛ አለ፤ ፈጣን ነው፣ በጥርስ መሃል ነው የሚወጣው። ከዚያ ሁሉ ወሬ አንዲት ቃል ብቻ ጆሮዬ ገባች። ቃሏን እዚህ አልጽፋትም። ያኔ ትርጉሟን ስለማላውቅ እናቴ ቀጥላ ባደረገችው ነገር ተረጎምኳት።

እናቴ ከጓዳ ወጥታ ቡፌውን ከፈተች። ለአረፋ እንኳን የማትወጣውን፣ ቀይ አበባ የተሳለባትን ኩባያ አወጣች። ለሳሌሃ ሻይ የቀዳችው በእሷ ነው። እኛ ጆሮው በተሰበረ፣ ጠርዙ በተሸረፈ እንጠጣለን፤ እንግዳዋ በአበባ ትጠጣለች። ሳሌሃ ከሄደች በኋላ ኩባያዋ ወደ ቡፌው አልተመለሰችም። እናቴ ለብቻዋ አጥባ ውጭ፣ የጓዳው መስኮት ደፍ ላይ፣ አፏን ደፍታ አስቀመጠቻት።

«ይቺን ማንም እንዳይነካ። የሳሌሃ ናት።»

የራሱ ኩባያ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም። አባቴ እንኳን የራሱ ኩባያ አልነበረውም። ስለዚህ ያቺ ቃል የንጉሥ ልጅ ማለት መሆን አለባት ብዬ ወሰንኩ። በማግስቱ አብሮኝ ለሚቀመጠው ለናትናኤል ነገርኩት።

«ቤታችን ልዕልት መጥታለች። አባቷ እንጨት ነው የሚሠራው።»

«እንጨት ይሠራል እንዴ? እንጨት ይበቅላል እንጂ!»

«እሱ ከሠራው በኋላ ነው የሚበቅለው።»

«ባሕር ዛፉንም?»

«እሱንስ ለልጆቹ ይተወዋል። ቀላል ስለሆነ።»

ናትናኤል አሰበበት። ከዚያ ከትምህርት ቤት ስንወጣ አጥሩ ሥር ያለውን ባሕር ዛፍ በአክብሮት ዞረው።

አንድ ቀን ኩባያዋን ሰረቅኳት። ልዕልት የምትጠጣው ውሃ ምን ምን እንደሚል ማወቅ ፈለግኩ። ከበርሜሉ ቀድቼ ግማሽ ሳልደርስ እናቴ ከኋላዬ ደረሰች። ጆሮዬን ይዛ ወደ ቧንቧው ጎተተችኝ።

«ተጉመጥመጥ! ትፋው! ደግሞ ተጉመጥመጥ!»

ሳሙና በጣቷ አፌ ውስጥ ከታ አሸችኝ። አለቀስኩ፤ ግን አልተቀየምኳትም። እንደኔ ያለ ቆሻሻ አፍ የልዕልት ዕቃ ሲነካ ሌላ ምን ይደረጋል?

አሁን፣ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ያቺን ቀን ሳስባት አንድ ነገር ይታየኛል። እናቴ ኩባያዋን አላጠበቻትም። አፌን ነው ያጠበችው።

ጋሪው በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። አጎቴ የቆርቆሮ ሊያሠራ ነበር፤ ሳሌሃ ግን «አባቴ ይሥራልን። ዝናብም ፀሐይም አይበግረው» አለችውና አባቷ ሠራው። ዋንዛ ነው፤ ቀላ ያለ፣ ሲነኩት እንደ ሰው ገላ ልስልስ የሚል። ጎንና ጎኑ ተፈልፍሏል። መስመሩ ከታች ይነሳና ይጠማዘዛል፣ ተመልሶ ራሱ ውስጥ ይገባል፤ በጣቴ ስከተለው የት እንደጀመርኩ ይጠፋኝ ነበር። ከላይ የመስታወት ሳጥን፣ ከሥር የጋዙ ሲሊንደር መቀመጫ፣ እግሩ ደግሞ የሞተር ሳይክል ጎማ።

ስሙን የጻፈው ሰዓሊ ጫት የበዛበት ነበርና «ሆድ ዶግ» ብሎ ጻፈው። አጎቴ ጮኸ።

«አንተ ሰው፣ ሆት ነው እንጂ ሆድ ነው እንዴ!»

ሳሌሃ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። «ተወው ሙሄ። ሆድ ያለው ሁሉ ይመጣል።»

መጡም። አስፋልቱ ዳር፣ ከጋሽ ናጃህ ሱቅ በረንዳ ፊት ለፊት ቆሙ። ዳቦው መሃል የሚገባው ሶሴጅ ከአዲስ አበባ በበረዶ ሳጥን በሚኒባስ ይመጣል። ሳሌሃ ጎኑን ትሰነጥቀውና ዘይቱ ላይ ስታስተኛው ቸስ ብሎ ቆዳው ይገለበጣል፤ ሽንኩርቱ ወርቃማ እስኪሆን ታምሰዋለች፤ ዳቦውን ደፍታ ታሞቀዋለች። ከዚያ ካቻፑን ከላይ እያጠማዘዘች ታፈስሰዋለች፤ የጋሪው ጎን ላይ እንዳለው መስመር አድርጋ። ሽታው እስከ መናኸሪያ ይደርስ ነበር። እስከ ዝዋይ ይደርሳል ብዬ የማልሁበትም ጊዜ አለ።

«ትኩስ! ትኩስ! በሚጥሚጣ ነው ያለ ሚጥሚጣ?»

ባጃጅ ነጂው፣ ተማሪው፣ የበርበሬ ነጋዴው፣ ሁሉም ቆሞ ይበላል። ጋሽ ናጃህ ራሱ ከሱቁ ወጥቶ «ወላሂ ሙሀይሚን፣ ይቺን ልጅ አጥብቀህ ያዛት» ይለዋል አፉ ሞልቶ። አጎቴ አንገቱ ድረስ ይቀላል። ለረመዳን ኢድ ሽማግሌ ሊልክ እንዳሰበ ለእናቴ ሲነግራት ሰምቻለሁ። እናቴ «እስቲ ሥራው በእግሩ ይቁም መጀመሪያ» አለችው። ሥራው ከቆመ፣ በልጅ ጭንቅላቴ፣ ሰርግ አለ፤ ሰርግ ካለ ልዕልቷ የኛ ናት።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን ነው ምላሴ የበላችኝ። እንግሊዝኛ መምህራችን ሰሌዳ ላይ የእንስሳት ስም ጻፉልን። ዶግ፣ ውሻ። ሆት ማለት ትኩስ እንደሆነ ደግሞ ቀድሜ አውቃለሁ። በእረፍት ሰዓት ናትናኤልን ጥግ ያዝኩት።

«ለማንም እንዳትናገር። ትኩስ ውሻ ነው።»

«ምኑ?»

«አጎቴ የሚሸጠው። አዲስ አበባ እርባታ አለው። በወተት ነው የሚያድጉት። እንዳይጮኹ ክኒን ይሰጣቸዋል። ግን ጩኸቱ ሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ ሁለት የበላ ሰው ሌባ ሲመጣበት ሳያውቀው ይጮኻል።»

ናትናኤል ዓይኑ ፈጠጠ። ይጠየፋል ብዬ ስጠብቅ እንዲህ አለኝ፦

«እባክህ ለአባቴ ውሰድልኝ። ዘበኛ ነው።»

ወሬው በዚያው ቀን ትምህርት ቤቱን ዞረ። ደስታዬ ወደር አልነበረውም። በሳምንቱ ግን ማዘጋጃ ቤቱ የባዘኑ ውሾችን በመርዝ አስገደለና መንገዱ ጭር አለ። ልጆቹ ባዶውን መንገድ አይተው እኔን አዩኝ።  የዋሸሁት ነገር እውነት ሆኖ ሲመጣ ያየሁት የመጀመሪያዬ ነው።

ያ ዓርብ የገበያ ቀን ነበር። ሰው ከየገጠሩ ፈስሷል። ጁምዓ ተሰግዶ እንዳበቃ አንድ ሽማግሌ ወደ ጋሪው መጡ፤ ከተራራው ወዲያ እንደመጡ ጋቢያቸው ይናገራል።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም አባቴ። ይቅመሱ፤ ሐላል ነው» አለ አጎቴ።

ሳሌሃ ሠርታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ገመጡ። ወደዱት። እያላመጡ ጋሪውን ዞሩት፤ ሌላኛውን እጃቸውን ፍልፍሉ ላይ አሳረፉና በአውራ ጣታቸው መስመሩን ተከተሉት፤ ልክ እኔ እንደማደርገው።

«ማሻአላህ» አሉ። «ይሄን እጅ አውቀዋለሁ። የቤቴ ምሰሶ የዚህ እጅ ነው። ማን ሠራላችሁ?»

«አዲስ አበባ ነው የተሠራ» አለ አጎቴ ቶሎ ብሎ።

«አባቴ ነው» አለች ሳሌሃ።

ሽማግሌው አጎቴን አዩት፣ ሳሌሃን አዩዋት፣ እጃቸው ላይ ያለውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ የተገመጠውን ጋሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጡት። «አላህ ያግዛችሁ» አሉ። ሄዱ። ከጋሽ ናጃህ ሱቅ ጥግ ጎንበስ ብለው አፋቸው ውስጥ የነበረውን ሲተፉ አየሁ። ጥርሳቸውን ያመማቸው መሰለኝ።

የተረፈውን እኔ በላሁት። አንድ ጊዜ ብቻ የተገመጠ ሆት ዶግ በነጻ! እስከዛሬ የበላሁት ሆት ዶግ ሁሉ ያንን አያህልም። ሳሌሃ ስበላ እያየችኝ ነበር። ራሴን ዳበሰችኝ፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

አሁን የሚገባኝን ልንገራችሁ። እኛ አገር እንጨት የሚጠርቡ፣ ሸክላ የሚሠሩ ቤተሰቦች አሉ። የአያቴ ቤት በነሱ ምሰሶ ነው የቆመው። የምንቀመጥበት በርጩማ፣ ክትፎ የምንበላበት ጣባ፣ የምንተኛበት አልጋ የእጃቸው ሥራ ነው። ጣባውን ከእጃቸው ተቀብለን እንበላበታለን፤ እነሱ ጣባው ላይ ያስቀመጡትን ግን አንበላም። ሃይማኖት አላዘዘውም። መስጊድ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ይሰገዳል፤ ቤት ሲገባ ኩባያ ይለያል። ልዕልት ማለት የመሰለችኝ ያቺ ቃል የሚሰደቡባት ስም ናት። አዲስ አበባ ላይ የማን ልጅ ነሽ የሚላት አልነበረም። እኛ ጋ ሲመጡ ግን ጋሪው ራሱ፣ በእያንዳንዱ መስመሩ፣ የማን ልጅ እንደሆነች እየተናገረ አስፋልት ዳር ቆመ።

ያኔ ይሄን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው ከዚያ ዓርብ ወዲህ ሰው መቅረቱን ነው። ባጃጅ ነጂዎቹ ጋሪው ጋ ሲደርሱ ስልካቸውን ያወራሉ። ጋሽ ናጃህ ጾም ነኝ አለ፤ የምን ጾም እንደሆነ አልተናገረም። ሶሴጁ በመስታወቱ ውስጥ እንደ ክረምት ትል ተጨማዶ ይውላል። ሳሌሃ ከምጣዱ ወደ ኋላ ሄደች፤ «ሰዉ ካንተ እጅ ይውሰድ፤ እኔ ሽንኩርት ልላጥ» አለችው። አጎቴ እየሠራ፣ እሷ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ እየላጠች ዋሉ። ሽንኩርቱ የሚበላው ሰው ሳይኖር ይላጣል። ዓይኗ ቢቀላም ሽንኩርት ነው።

ለኔ ደግሞ ጥፋቱ የኔ ነው። በየክፍሉ እየዞርኩ «ውሸቴን ነው! በሬ ነው! ወላሂ በሬ ነው!» አልኩ። እድሜዬን ሙሉ ስዋሽ ያመነኝ ሕዝብ እውነት ስናገር ሳቀብኝ።

አንድ ከሰዓት ሦስት የጎረቤት ሴቶች ቤታችን መጡ። በር ሥር ተደብቄ ሰማኋቸው።

«በልተናል እኮ ሃሊማ! ልጆቻችንም በልተዋል!»

«ታውቂ ነበር?»

«ቤትሽ ስታስገቢ አልጠየቅሽም?»

«ወላሂ አላወቅኩም» አለች እናቴ። «እኔ በምን አውቄ!»

 ውሻ መሆኑን አላውቅም ነበር እያለቻቸው ነው ብዬ ነው የሰማሁት። እናቴም አመነችው ማለት ነው! ወጥቼ ልናዘዝ በሩን ገፋ ሳደርግ አንዷ «ታዲያ መስኮቱ ላይ ያለችው ኩባያ የማናት?» አለች።  እናቴ ሻይ ልታፈላ ተነሳች። እኔም ስለ ውሻ እያወሩ ኩባያ ከየት መጣ ብዬ ግራ ገብቶኝ ቀረሁ።

በነጋታው ማለዳ አጎቴ ቀሰቀሰኝ።

«ሙንታሲር፣ ና ጋሪውን እናሳምረው።»

ጋሽ ናጃህ በሩን ቀብቶ የተረፈው ሰማያዊ የዘይት ቀለም ነበር። አጎቴ ብሩሽ ሰጠኝ። እድሜዬን ሙሉ ግድግዳ ላይ በከሰል ስጽፍ የምገረፍ ልጅ፣ ቀለም ከነብሩሹ! ሰው ውሻ ውሻ ያለው ጋሪው ስላረጀ ነው፤ አዲስ ካደረግነው ይረሳዋል ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

«ወፍራም አድርገህ ቅባው» አለኝ አጎቴ። «ጉድጓዶቹን ድፈናቸው። ምንም እንዳይታይ።»

ምላሴን አውጥቼ ሠራሁ። መስመሩን ከጀመረበት እስከሚገባበት ተከትዬ ደፈንኩት። ያንን ጋሪ ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም፤ የትኛው ጥግ ጠለቅ እንደሚል፣ የቱ ጋ ቀለሙ ሁለቴ እንደሚያስፈልገው። አጎቴ አንድ ጎን ሳይጨርስ እኔ የራሴን ጨረስኩ። ጎበዝ ነበርኩ። በሕይወቴ በጥንቃቄ ከሠራኋቸው ጥቂት ሥራዎች አንዱ ነው።

ሳሌሃ ከተከራየችበት ክፍል ዳቦ በፌስታል ይዛ መጣች። ቆመች። ፌስታሉን መሬት አስቀመጠች። ጣቶቿን ፍልፍሉ በነበረበት ላይ አሳረፈች፤ ቀለሙ እርጥብ ነበር።

«ማን ነው የቀባው?»

«እኔ!» አልኩ። ሮጬ ፊቷ ቆምኩ። «ይሄን በሙሉ እኔ ነኝ! አያምርም?»

አየችኝ። ልትቆጣ አልመሰለኝም። ከዚያ ከራሴ በላይ አጎቴን አየችው። አጎቴ መንገዱን ያይ ነበር፤ መንገዱ ላይ ምንም አልነበረም።

«አባቴን ደፈንከው» አለችው።

«ሳሌ፣ ለጊዜው ነው። ሰው እስኪረሳው—»

«ዕቃህን አውርድ።»

«ሳሌሃ—»

«ጋዙ ያንተ ነው፣ መስታወቱም ያንተ ነው። አውርድ። እንጨቱ የአባቴ ነው።»

አላወረደም፤ ራሷ አወረደችው። ሲሊንደሩን፣ ምጣዱን፣ የመስታወት ሳጥኑን ጋሽ ናጃህ በረንዳ ላይ ደረደረች። ከዚያ ባዶውን ሰማያዊ ጋሪ በአስፋልቱ ገፋችው። የባጃጅ ክላክስ ተንጫጫ። ሱቆች እየተከፈቱ ነበር፤ ሁሉም በሩ ላይ ቆሞ ያያል። አጎቴ ከበረንዳው አልወረደም። እኔ ተከትያት ሮጥኩና በሌላው ጎን ይዤ መግፋት ጀመርኩ።  መናኸሪያው ጋ አይሱዙ አቁማ ስታስጭን መዳፏ ሰማያዊ፣ መዳፌም ሰማያዊ ነበር። የውሻውን ወሬ ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

«ሂድ፣ እናትህ ትፈልግሃለች» አለችኝ።

አጎቴ ሌላ አገባ። ስልክ ይጠግናል። ስለ ሆት ዶግ የሚያወራ ሰው ካለ ተነስቶ ይወጣል። እኔ ግን ባለፈው ዓመት ለባጃጅ መለዋወጫ ወልቂጤ ሄጄ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ስወርድ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። ሳሌሃ ሆድ ዶግ። ሆድ፣ በ«ድ»።

እግሬ ቆመ። ቤቱ ጠባብ ነው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሩ ላይ ተሰልፏል። ሁለት ሴቶች ዳቦ ያሞቃሉ፤ እሷ ምጣዱ ላይ ናት። ወፍራለች። ስትስቅ አፏን አትሸፍንም። ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ሠርታ ሰጠችኝና ለሚቀጥለው ዘወር ልትል ስትል፣

«ሙንታሲር ነኝ። የሃሊማ ልጅ። ከቡታጅራ» አልኳት።

እጇ ምጣዱ ላይ ቆመ። ቆይታ ለአንደኛዋ ሴት ማንኪያውን ሰጠቻትና ጥግ ላይ ካለ ወንበር አስቀመጠችኝ። ሆት ዶጉ እጄ ላይ ነው። ገመጥኩ። ስገምጥ ዓይኔን አላየችም፤ አፌን ነበር የምታየው፤ እስክውጥ።

ዋጥኩ። ከዚያ ስንት ዓመት የተሸከምኩትን አወረድኩት። ውሻውን፣ እርባታውን፣ ክኒኑን። «ሥራሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳት። «ይቅር በይኝ።»

ሳቀች። ጠረጴዛውን እየመታች ሳቀች፤ ተሰላፊው ሁሉ ዞሮ አየን።

«አንተ ነህ እንዴ! እኔ እኮ ማን ይሁን እያልኩ! ልጆቹ ተደብቀው ይመጡ ነበር፤ አንዱማ ‹እቴቴ፣ በጭራው በኩል አድርጊልኝ› ብሎኛል!» ዓይኗን ጠረገች። «ሞኝ። ውሻ ነው ያሉትማ በልተዋል። ያልበሉት ሌላ ነገር ያሉት ናቸው።»

ያኔ ነው ነገሩ ሁሉ፣ በአንድ ጊዜ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ቦታ ቦታውን የያዘው። ሽማግሌው። ሴቶቹ። ሳሙናው። ስሸሸው የኖርኩት ውሸቴ ማንንም አልነካም። የኮራሁበት ቀለም ግን...

ዞር ስል ጋሪውን አየሁት። ከኋላዬ ግድግዳውን ተደግፎ ዳቦ ተደርድሮበታል። ዋንዛው ተመልሶ ቀልቷል። መስመሩ ሥር፣ የጠለቀው ጥግ ሁሉ ላይ ግን ሰማያዊ አለ።

«ፋቅኩት፣ በጋዝ አጠብኩት፣ በመርፌ ሳይቀር ጎረጎርኩት» አለች አይታኝ። «ይሄኛው ጎን እምቢ አለ። የቀባው ሰው ጎበዝ ነበር።»

 አቀረቀርኩ። ሆት ዶጉን ጨረስኩ፤ እጄ ላይ ቢቀር ምን እንደሚመስል ስለገባኝ ፍርፋሪው ሳይቀር ጨረስኩት።

ስወጣ በሩ ድረስ ሸኘችኝ።

«እናትህ ደህና ናት?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ያቺ የአበባ ኩባያስ? አለች?»

ደነገጥኩ። ውሸት ግን ለኔ ከእውነት ይቀድማል። «ተሰበረች» አልኩ። «ድመት ጣለቻት። ነጭ ድመት፤ አንድ ዓይና። የመስኮቱ ደፍ ላይ ዘላ ስትወጣ።»

ሳሌሃ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«አላህ ለድመቷ ምንዳዋን ይስጣት» አለች።

ቤት ስደርስ ከሰዓት ሆኗል፤ እናቴ የለችም። ኩባያዋ መስኮቱ ደፍ ላይ አለች፤ አፏ እንደተደፋ። አበባው ከፀሐይ ብዛት ገርጥቶ የሰው ገላ መስሏል። ቢያንስ አንድ ውሸቴን እውነት ላድርጋት ብዬ አነሳኋት። ሲሚንቶው ላይ ልለቃት እጄን ዘረጋሁ። እጄ እምቢ አለኝ። አጠብኳት። ውሃ ሞላኋት።

እናቴ በበሩ ገባች። ዓርብ ነው፤ ከገበያ በእግሯ ነው የመጣችው። ዘንቢሏን አስቀምጣ ግድግዳው ሥር ተቀመጠችና በሻርፗ ጫፍ አንገቷን ጠረገች። ከንፈሯ ደርቆ ነጭ ሆኗል።

«ጠጪ እማ» አልኳት።

እጇን ዘረጋች። ከዚያ ኩባያዋን አየች። እጇ ጉልበቷ ላይ ተመለሰ።

«አልጠማኝም» አለች።

ኩባያዋን ይዤ ቆምኩ። እሷ ግድግዳውን ይዛ ተነሳች፤ በአጠገቤ አልፋ ጓዳ ገባች። የጀሪካኑ ክዳን ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ ስትጠጣ ሰማኋት፤ እየተጎነጨች፣ ትንፋሿ እስኪያጥራት።